የላሊበላ ድንጋይ መልኩ ይመዝገብ



የልደት በዓል በተነሣ ቁጥር የላሊበላ ስም አብሮ ይነሣል። ዕለቱ የጌታችን ልደት ብቻ ሳይሆን የቅዱስ ላሊበላም የልደቱ መታሰቢያ በመሆኑ፣ ምእመናን ከየአቅጣጫው፣ ብዙዎቹም በእግራቸው እየተጓዙ ወደ ላስታ ይተማሉ። ካህናቱም በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው የዓለት አፋፍ ላይና ከግርጌው በሁለት ወገን ቆመው በቤዛ ኩሉ ያሸበሽባሉ። በዚያች ዕለት የምእመኑ ዓይን የሚያርፈው በነጭ ልብስ በተሸፈነው አፋፍ፣ በጽናጽሉና በመቋሚያው ላይ ነው። ካህናቱ የቆሙበትን ዓለት ልብ ብሎ የሚመለከተው ግን ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለዚያ ዓለት፣ በተለይም ስለ መልኩ መለወጥ ነው።

ከዓለት የተፈለፈሉት 11ዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። እንደሚታወቀው እነዚህ ሕንጻዎች ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተነባበረ የታነጹ አይደሉም። ከተራራው ተፈልፍለው የወጡ፣ ግድግዳቸውና ጣራቸው፣ ዓምዳቸውና መስኮታቸው አንድ አካል የሆነ ናቸው። በታነጸ ሕንጻ ላይ የተበላሸ ድንጋይ ቢገኝ ያ ድንጋይ ወጥቶ ሌላ ይተካበታል። በላሊበላ ግን ከግድግዳው የተሸረፈው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ገላ የተሸረፈ ነው፤ ቢጠገን እንኳ ጥገናው ከውጭ የመጣ እንጂ ቀድሞ የተፈለፈለው ዓለት አይሆንም። በመሆኑም የጉዳቱን ምልክት ገና በጅምሩ ማወቅ ከሌላው ቦታ ይልቅ በዚህ ስፍራ እጅግ ያስፈልጋል።

የዓለቱ የመጀመሪያ መልክ ቀላ ያለ ነው። ከእሳተ ገሞራ የተገኘ፣ ብዙ ቀዳዳ ያለው፣ ውሃን በቀላሉ የሚመጥ ድንጋይ ነው። ዛሬ ግን በየግድግዳው ብዙ መልክ ይታያል፤ አንዱ ጠቁሯል፣ አንዱ አረንጓዴ ለብሷል፣ በቤተ ጊዮርጊስ ግድግዳ ላይ ደግሞ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቢጫ ነጠብጣብ ጎልቶ ይታያል። ተሳላሚው ይህን ሲያይ የዕድሜ ግርማ ነው ብሎ ያደንቀዋል፤ የአባት ሽበት የሚከበረውን ያህል የድንጋዩንም ሽበት ያከብረዋል። ስሜቱ የሚነቀፍ አይደለም። ይሁን እንጂ ያ ሽበት ሕይወት ያለው፣ የሚያድግና የሚመገብ ፍጥረት መሆኑን ማወቅ ይገባል።

በድንጋይ ላይ የሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት

እርጥበት ባለበት፣ ጥላ በበዛበትና አቧራ በተጠራቀመበት የድንጋይ ገጽ ላይ ብዙውን ጊዜ አስቀድመው የሚሰፍሩት ከፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን የሚያዘጋጁ ጥቃቅን ሕያዋን ናቸው። እነዚህም ሳያኖባክቴሪያና አልጌ ይባላሉ። እነርሱ ስስ ሽፋን ከዘረጉ በኋላ ሌሎች ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች ይከተላሉ። ሊከን የሚባለው፣ ድንጋዩን የሸበተ የሚያስመስለው ደግሞ ፈንገስና አልጌ፣ ወይም ፈንገስና ሳያኖባክቴሪያ፣ ተባብረው እንደ አንድ አካል የሚኖሩበት ነው።

የእነዚህ ሕያዋን ጉዳት በአንድ ቀን የሚገለጥ አይደለም። የፈንገሱ ቀጫጭን ክሮች በድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ ይገባሉ፤ ዝናብ ሲመታቸው ያብጣሉ፣ በጋ ሲሆን ይኮማተራሉ፤ ይህ መላልሶ ማበጥና መኮማተር የድንጋዩን ቅንጣት ያላቅቃል። ከሚያመነጩት አሲድ አንዳንዱ የድንጋዩን ማዕድን ያሟሟል። ሽፋናቸው ውሃን ስለሚይዝም ግድግዳው ቶሎ አይደርቅም። የላሊበላ ድንጋይ ከዚህ ነገር ነጻ አለመሆኑም በጥናት ታይቷል። የፖርቱጋሉ የኤቮራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት፣ ሕያዋን ፍጥረታት በእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ድንጋይ ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት በልዩ ልዩ የምርመራ ዘዴ ተመልክቷል።

ይህን ስንል ግን በድንጋይ ላይ የበቀለ ሁሉ ጠላት ነው ማለታችን አይደለም። አንዳንዱ ሊከን ድንጋዩን ከዝናብና ከነፋስ የሚከልልበት ጊዜ እንዳለ የሚያስረዱ ሊቃውንት አሉ። ተነቅሎ ሲወሰድም ይዞት የነበረውን የድንጋይ ገጽ ይዞ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «በድንጋዩ ላይ የበቀለ ነገር አለ ወይ?» የሚለው ብቻ አይደለም። «እየተስፋፋ ነው? ወይስ ባለበት ቆሟል?» የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ መዝገብ ያስፈልጋል።

የኦሪቱ ካህን ሥርዓት

አንዳንድ ሰው የድንጋይን መልክ መመርመር የባለሙያ እንጂ የካህን ሥራ አይደለም ይል ይሆናል። ነገር ግን በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 የተጻፈውን ሥርዓት ያስተውሏል። በቤቱ ግድግዳ ላይ ደዌ የመሰለ ነገር ያየ ሰው ወደ ካህኑ ሄዶ እንዲነግር ታዟል። ካህኑም መጥቶ የግድግዳውን መልክ ያያል፤ አረንጓዴ ወይም ቀይ ሆኖ ወደ ውስጥ የጎደጎደ መሆኑን ይመረምራል። ዛሬ ብዙ ተርጓሚዎች ይህን የግድግዳ ደዌ ሻጋታ ነው ይሉታል።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ካህኑ ካየ በኋላ የሚያደርገው ነው። ባየበት ቀን ድንጋይ አያስፍቅም፣ ግድግዳም አያፈርስም። ቤቱን ሰባት ቀን ይዘጋል፤ በሰባተኛው ቀን ተመልሶ ያንኑ ግድግዳ ዳግመኛ ያያል። ደዌው ሰፍቶ ከተገኘ ድንጋዮቹ ወጥተው እንዲጣሉ፣ ግድግዳውም እንዲፋቅ ያዛል። ተለስኖ ከታደሰ በኋላም መጥቶ ያያል፤ ካልሰፋ ቤቱ ንጹሕ ነው ይላል። እንግዲህ ፍርዱ የተመሠረተው በመልኩ አስቀያሚነት ሳይሆን በመስፋቱ ላይ ነው። ማየት፣ መታገሥ፣ ያንኑ ቦታ ደግሞ ማየት፣ ከዚያ በኋላ መወሰን፤ ይህ የካህኑ ሥርዓት ነበር።

ለእኛ የሚከብደው፣ የኦሪቱ ካህን የታመመውን ድንጋይ አውጥቶ ሌላ ለመተካት ይችል ነበር፤ በላሊበላ ግን ይህ የማይቻል መሆኑ ነው። እንግዲያው ከሥርዓቱ ለእኛ የሚቀርልን የመጀመሪያው ክፍል ነው፤ ይኸውም አስቀድሞ ማየትና መላልሶ ማየት።

ዓይን ያያል እንጂ አያስታውስም

ችግሩ የሰው ዓይን ለዚህ ሥራ ብቻውን የማይበቃ መሆኑ ላይ ነው። ዓይን ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን አድርጎ ለማነጻጸር ብርቱ ነው፤ ያለፈውን ዓመት መልክ ከዘንድሮው ጋር ለማነጻጸር ግን ደካማ ነው። የአምናው ግድግዳ ከዘንድሮው አጠገብ ቆሞ አይጠብቀንምና። ከዚህም በላይ በማለዳ ብርሃን ያየነውና በቀትር ያየነው፣ በክረምት ረጥቦ ያየነውና በበጋ ደርቆ ያየነው ድንጋይ መልኩ ይለያያል። ዕለት ዕለት በአጠገቡ የሚያልፈው አገልጋይ፣ ለውጡ ጥቂት በጥቂት ስለሚመጣ፣ ከሁሉ ዘግይቶ ያውቀዋል። ልጅ ማደጉን ከእናቱ ይልቅ ከዓመት በኋላ የመጣ ዘመድ እንደሚያስተውለው ማለት ነው።

መዘግየት ምን እንደሚያስከፍል የፈረንሳዩ የላስኮ ዋሻ ይመሰክራል። በግድግዳው ላይ እጅግ ጥንታውያን ሥዕሎች ያሉበት ይህ ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1940 ተገኝቶ፣ ብዙ ሺህ ጎብኚ ከገባበት በኋላ አረንጓዴ አልጌ በግድግዳው ላይ በመታየቱ እ.ኤ.አ. በ1963 ለሕዝብ ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ነጭ ሻጋታ ወረረው፤ እርሱን ለማጥፋት መድኃኒት ከተረጨ በኋላ ባሉት ዓመታት ጥቁር ነጠብጣብ ታየበት። ዋሻው እስካሁን ለጎብኚ አልተከፈተም። ከዚህ የምንማረው፣ ለውጥ በግልጽ እስኪታይ ከተጠበቀ ሕክምናው ራሱ ሌላ በሽታ ሊያስከትል እንደሚችል ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለዚህ ነው።

ቀለም በቁጥር ሲጻፍ

የቀለምን መልክ በቁጥር መጻፍ ከተጀመረ ብዙ ጊዜ ሆኗል። ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው ሥርዓት መሠረት ማንኛውም ቀለም በሦስት ቁጥሮች ይገለጣል። የመጀመሪያው «ኤል» ይባላል፤ ከጥቁር እስከ ነጭ፣ ከ0 እስከ 100 ያለውን ብሩህነት ይናገራል። ሁለተኛው «ኤ» ነው፤ ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ሲሆን ወደ ቀይ፣ ከዜሮ በታች ሲወርድ ወደ አረንጓዴ ማድላቱን ያሳያል። ሦስተኛው «ቢ» ነው፤ ከዜሮ በላይ ቢጫነትን፣ ከዜሮ በታች ሰማያዊነትን ያመለክታል። ስለዚህ አንድ ሰው «ግድግዳው ትንሽ አረንጓዴ የሆነ ይመስለኛል» ከማለት ይልቅ አምና ይህን ያህል የነበረው ቁጥር ዘንድሮ ይህን ያህል ሆኗል ብሎ መጻፍ ይችላል።

ቁጥሩን የሚሰጠው መሣሪያ ስፔክትሮፎቶሜትር ይባላል። በእጅ የሚያዝ ዓይነት አለው። በድንጋዩ ገጽ ላይ ሲያስጠጉት የራሱን ብርሃን ያበራል፤ ድንጋዩ መልሶ ያንጸባረቀውን ብርሃን በየሞገዱ ለይቶ ይለካል። የራሱን ብርሃን ስለሚጠቀም ማለዳም ሆነ ቀትር አያሳስተውም። ከድንጋዩ ቅንጣት አይቆርጥም፣ አይፍቅም፣ ቀለምም አይተውበትም። ጥቃቅኖቹ ሕያዋን በውስጣቸው ክሎሮፊል የሚባለውን አረንጓዴ ንጥረ ነገር ስለሚይዙ፣ በድንጋዩ ላይ በበዙ መጠን ሦስቱ ቁጥሮች ከነበሩበት ይንቀሳቀሳሉ።

ይህ ዘዴ በሥራ የተፈተነበት አንዱ ቦታ በሰሜን ምዕራብ እስፓኝ የምትገኘው የሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ከተማ ናት። ከተማይቱ የሐዋርያው የያዕቆብ ወልደ ዘብዴዎስ አጽም ያረፈባት ናት ተብሎ ስለሚታመን፣ በምዕራቡ ዓለም ያሉ ክርስቲያኖች ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ በእግር እየተጓዙ የሚሳለሟት ናት። የካቴድራሏ ታዋቂ ደጀ ሰላም ጉበን የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1188 መሆኑ በራሱ በድንጋዩ ላይ ተጽፏል፤ የእኛም ትውፊት የላሊበላን ሥራ የሚያያይዘው ከዚያው ከ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና ከ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጋር ነው። ዝናብ የሚበዛባት ይህች ከተማ የተሠራችው በግራናይት ድንጋይ ሲሆን፣ ግድግዳዎቿ አረንጓዴ የመልበስ ጠባይ አላቸው።

የከተማይቱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአንድን ተቋም ሕንጻ የግራናይት ግድግዳ በዚህ መሣሪያ እየለኩ ከተከታተሉ በኋላ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2012 አሳትመዋል። ያገኙት ነገር ያልተጠበቀ ነው። ግድግዳ ሲያረንጉድ አስቀድሞ የሚንቀሳቀሰው የአረንጓዴና የቀይ ቁጥር የሆነው «ኤ» ነው ብሎ ማንም ሊገምት ይችላል። በዚያ ግራናይት ላይ ግን አስቀድሞ ምልክት የሰጠውና ከሁሉ ይበልጥ የተለወጠው የቢጫና የሰማያዊ ቁጥር የሆነው «ቢ» ነበር። ዓይን አረንጓዴን ሲጠብቅ ቁጥሩ በሌላ በር ገባ ማለት ነው።

እነዚሁ ተመራማሪዎች የሰው ዓይን ለውጡን መለየት የሚጀምረው ከየት ላይ እንደሆነም ሰዎችን በማሳተፍ ፈትነዋል። ወሰኑ «ቢ» በ0.59 ከፍ ሲል ሆኖ ተገኘ። በዚያን ጊዜ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ድንጋይ ላይ የነበረው የጥቃቅን ሕያዋን ክብደት 6.3 ማይክሮ ግራም ነበር። ይህን በአንድ ካሬ ሜትር ብናሰላው 63 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ከአንድ ግራም አሥራ ስድስተኛ እጅ ገደማ ይሆናል። እንግዲህ አንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ ከአንድ ቁንጥጫ ጨው ያነሰ ሕይወት ሲሸከም መልኩ ሊታወቅ ይጀምራል ማለት ነው። ይህን ያህል ጥቂት ለውጥ አንድ ሰው ከዓመት ዓመት በልቡ ይዞ ሊቆይ አይችልም፤ የተጻፈ ቁጥር ግን ይዞት ይቆያል።

በላሊበላ ለምን ያስፈልገናል?

የቀለም ነገር በላሊበላ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በተደረገ እድሳት የአብያተ ክርስቲያናቱ ግድግዳ ሬንጅና ቀይ ቀለም ተቀብቶ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በጣሊያናዊው አርክቴክት በሳንድሮ አንጀሊኒ መሪነት የተካሄደው የጥገና ሥራ ከከባዶቹ ተግባራቱ አንዱ ያንን ቅብ ማስለቀቅ ነበር። የቀቡት ሰዎች ክፉ ልብ ነበራቸው ማለት አይደለም፤ ግድግዳው እንዲያምርና ውሃ እንዳይገባበት አስበው ይሆናል። ነገር ግን ሬንጅ ድንጋዩ እንዳይተነፍስ ያደርጋል፤ ቀይ ቀለምም የድንጋዩን እውነተኛ መልክ ይሸፍናል። መልኩ ያልተመዘገበ ድንጋይ ከተቀባ በኋላ፣ ከመቀባቱ በፊት ምን ይመስል እንደነበር በእርግጥ የሚናገር አይገኝም።

ሁለተኛው ምሳሌ በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ የተተከለው መጠለያ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተሠሩት እነዚህ ጣራዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ከቆሙ ወዲህ ሲያከራክሩ ኖረዋል። አንዱ ወገን ዝናብን ከልክለዋልና ይበጃሉ ይላል፤ ሌላው ወገን የስፍራውን መልክ አበላሽተዋል፣ ክብደታቸውም ያሰጋል፣ ድንጋዩም ከልክ በላይ ደርቋል ይላል። ከዚህ ክርክር መካከል መልክን የሚመለከተው ክፍል በቁጥር ሊመለስ ይችል ነበር። መጠለያው ከመተከሉ በፊት በየግድግዳው የተመረጡ ቦታዎች ቀለም ተለክቶ ቢሆን ኖሮ፣ ከዚያም በየዓመቱ ቢለካ፣ ከጣራው ሥር ያለው ድንጋይ ላይ የሚኖሩት ሕያዋን መቀነሳቸውን ወይም መለወጣቸውን ዛሬ በመዝገብ እናነብ ነበር። ቤተ ጊዮርጊስ ያለ መጠለያ በመቆሙም ሁለቱን ለማነጻጸር በተመቸ ነበር። አሁን ግን የምንከራከረው በትዝታና በፎቶግራፍ ነው፤ ፎቶግራፉም በየጊዜው በተለያየ ብርሃንና በተለያየ ካሜራ የተነሣ ነው።

ያለፈው አልፏል። ወደ ፊት በሚደረገው ግን እንዲሁ ልንሆን አይገባም። መጠለያው ቢነሣም፣ ቢታደስም፣ በሌላ ቢተካም፣ ማንኛውም እጅ ድንጋዩን ከመንካቱ በፊት የድንጋዩ መልክ ይመዝገብ። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ይኸው ነው።

ምን ይደረግ?

በዚህ ጸሐፊ እምነት አፈጻጸሙ ከባድ አይሆንም። በመጀመሪያ በየቤተ ክርስቲያኑ ውጫዊ ግድግዳ ላይ ፀሐይ የሚያገኘውንና ጥላ የሚበዛበትን፣ ከመጠለያ ሥር ያለውንና የሌለውን የሚወክሉ ቦታዎች ይመረጡ። ቦታዎቹ በድንጋዩ ላይ ምልክት ሳይደረግባቸው በካርታና በፎቶግራፍ ይታወቁ። ልኬቱ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊትና ክረምት ከወጣ በኋላ፣ ድንጋዩ በደንብ በደረቀበት ቀን ይካሄድ፤ የረጠበ ድንጋይ ጠቁሮ ስለሚታይ ቁጥሩ ያሳስታልና። ድንጋይ እንደ ጨርቅ አንድ ወጥ መልክ ስለሌለው በአንድ ቦታ አንድ ጊዜ ለክቶ መሄድ አይበቃም፤ ብዙ ጊዜ ተለክቶ አማካዩ ይወሰድ። መሣሪያውም በእያንዳንዱ ሥራ መጀመሪያ አብሮት በሚመጣው ነጭ ሰሌዳ ይስተካከል።

ሥራው በሁለት ሰው እጅ ይሁን፤ አንዱ ከመንግሥት የቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የሚመደብ ባለሙያ፣ ሁለተኛው ከደብሩ አገልጋዮች መካከል የሚሠለጥን ወጣት። ባለሙያው ይዘዋወራል፣ ፕሮጀክቱም ያልቃል፤ የደብሩ ልጅ ግን በዚያው ይኖራል። መዝገቡም በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ አንዱ በመሥሪያ ቤቱ፣ ሌላው በደብሩ ዕቃ ቤት ከመጻሕፍቱ ጋር ይቀመጥ። ቤተ ክርስቲያናችን በባሕረ ሐሳብ ዘመንን እየቆጠረች በዓላትንና አጽዋማትን ስታወጣ የኖረች ናት፤ ቁጥር መያዝና ለትውልድ ማስተላለፍ እንግዳ ነገር አይሆንባትም።

መዝገቡ ምልክት እስኪሰጥም ድረስ በድንጋዩ ላይ የሚደረገው ማንኛውም «ጽዳት» ይቆይ። በቅን ልብ ተነሣሥቶ ግድግዳውን በሽቦ ብሩሽ የሚፍቅ፣ ወይም በረኪና የሚያፈስ ሰው ቢኖር፣ የሚያጠፋው ሽበቱን ብቻ አይደለም። ብሩሹ የዓለቱን ገጽ ይልጣል፤ በረኪናውም በቀዳዳው ውስጥ ጨው ትቶ ይሄዳል፤ ጨውም በየወቅቱ እየረጋና እየሟሟ ድንጋዩን ያፈራርሳል። ይህን ያህል ዘመን የቆመ ግድግዳ በአንድ ቀን ቅንዓት ሊጎዳ ይችላል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች እንደሚኖሩ አይካድም። የመጀመሪያው ዋጋን የሚመለከት ነው፤ መሣሪያው በሺህ የሚቆጠር የአሜሪካ ዶላር ያወጣል። ነገር ግን አንድ መሣሪያ 11ዱንም አብያተ ክርስቲያናት፣ ከዚያም አልፎ የሌሎች ቅርሶችን ግድግዳ ይለካል፤ ለአንድ ግድግዳ ጥገና ከሚወጣው ወጪ ጋርም የሚወዳደር አይደለም። መሣሪያው እስኪገኝ ድረስ ቀለማቸው የታወቀ ማነጻጸሪያ ካርድ ከግድግዳው አጠገብ አድርጎ፣ በአንድ ዓይነት ካሜራና በአንድ ዓይነት ብርሃን ፎቶግራፍ ማንሣት መጀመሪያ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሚመጣው ከባለሙያዎቹ ወገን ነው፤ ቀለም ሁሉን አይናገርም የሚል ነው። እውነት ነው። አቧራም፣ የጧፍ ጢስም፣ የዝናብ ውሃ ይዞት የሚወርደው ዝቃጭም መልክን ይለውጣል። ቁጥሩ በድንጋዩ ላይ ያለው ፍጥረት ምን እንደሆነ በስሙ አይጠራም፤ በድንጋዩ ውስጥ ተሰውሮ የሚኖረውንም አያሳይም። የሳንቲያጎው የ0.59 ወሰንም ለግራናይት የተገኘ እንጂ ለላሊበላ ቀላ ያለ ድንጋይ የሚያገለግል አይደለም፤ የእኛው ድንጋይ የራሱ ወሰን በራሱ ላይ ሊጠና ይገባል። ይሁን እንጂ የበሽተኛን ሙቀት የሚለካ ሰውም የበሽታውን ስም ከሙቀት መለኪያው አያነብም፤ ሐኪም መጥራት እንደሚገባው ግን ያውቃል። የቀለም ቁጥርም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የአጉሊ መነጽርና የላቦራቶሪ ምርመራ የት ቦታ፣ መቼ እንደሚያስፈልግ ያመለክታል።

ሦስተኛው ከምእመናን ወገን የሚሰማው ነው፤ በቅዱስ ግድግዳ ላይ መሣሪያ ማሳረፍ ድፍረት አይሆንም ወይ? የሚል ነው። ልኬቱ በውጫዊው ግድግዳ ላይ፣ በደብሩ አስተዳዳሪ ፈቃድና ካህናት ባሉበት ቢሆን ድፍረት ሊባል አይችልም። የኦሪቱ ካህን ግድግዳውን ቀርቦ ማየቱ ቤቱን ማክበሩ እንጂ መድፈሩ አልነበረም። ይልቁንም ድፍረት የሚሆነው ሳይመረምሩ መፋቅ፣ ሳያውቁ መቀባት ነው።

ዛሬ በቤተ ማርያም አፋፍ ላይ የሚቆሙት ካህናት ቅዳሴውንና ዝማሬውን ከአባቶቻቸው እንደተቀበሉ ሁሉ ዓለቱንም ተቀብለዋል። ዜማው እንዳይጠፋ ሊቃውንቱ በምልክት ጻፉት፤ ተማሪውም ምልክቱን እያየ አባቶቹ እንዳዜሙት ያዜማል። ዓለቱም ምልክት ያሻዋል። የሚቀጥለው ትውልድ ወደዚያ አፋፍ ሲወጣ ግድግዳው እኛ ካየነው መልክ ተለውጦ ቢያገኘው፣ ምን ያህል እንደተለወጠና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ የሚያነብበት መዝገብ በዕቃ ቤቱ ሊያገኝ ይገባል። ያን መዝገብ ለመጀመር ከመጪው ክረምት በፊት ያሉት ደረቅ ወራት ይበቃሉ።